የጭፈራ ዜማ በማሲንቆ፦ ከጣታችሁ በፊት ደጋናችሁን አስተምሩ

ማሲንቆ ይዛችሁ እንጉርጉሮ ይወጣላችኋል። ቀስ ያለ ትዝታ ስትገዘግዙ ሰው ዝም ብሎ ያዳምጣችኋል። «እስቲ አሁን አስጨፍሩን» ሲሏችሁ ግን እጃችሁ ይተሳሰራል። እንደዚያ ከሆነ ይሄ ለእናንተ ነው።

እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ከአዝማሪ ቤት አልተወለድኩም፣ ማሲንቆ የያዝኩትም ካደግኩ በኋላ ነው። ስለዚህ የአዝማሪ ልጅ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ የሚሰማውን ነገር እኔ አንድ በአንድ ለቅሜ ነው ያገኘሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንጉርጉሮ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ፣ ወደ ጭፈራ መሻገሪያው ጠፍቶኝ። መሻገሪያውን ያሳዩኝ መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። የጭፈራ ዜማ ጣት ላይ አይደለም የሚከብደው። ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፣ ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ ደግሞ አምስት አምስት ድምፅ ናቸው፣ ባዶው ክር አንዱን ሲሰጣችሁ አራቱ ጣቶች የቀሩትን አራቱን ይሰጧችኋል። ይሄን በተወሰኑ ወራት ትይዙታላችሁ። የሚከብደው ደጋኑ ነው። የሰው ትከሻ የሚነሳው በደጋኑ ነው። እኛ ግን አብዛኞቻችን ጣት ጣታችንን እያየን ጊዜውን እንፈጀዋለን።

ይሄ የገባኝ ሰው ፊት ነው። ጥር ወር ነበር፣ የዘመድ ሰርግ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ገጠር። አንድ ወር የተለማመድኩትን ዜማ ይዤ ተነሳሁ። ድምፆቹን አንዱንም አልሳትኩም። ሴቶቹ እስክስታ መምታት ጀመሩ፣ ከዚያ እያመነቱ አቆሙ፣ እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና አቆሙ። አንዲት እናት ከዳሱ ጥግ ተነስተው መጡና ጆሮዬ ስር ቆመው ያጨበጭቡ ጀመር። ምንም አላሉኝም። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። የእሳቸው ጭብጨባ አንድ ቦታ ያርፋል፣ የእኔ ደጋን ሌላ ቦታ ያርፋል። ዜማው ልክ ነው፣ ማረፊያው ግን ልክ አይደለም። ያንን ጭብጨባ እስከ ዛሬ ስለማመድ እሰማዋለሁ።

መጀመሪያ መሣሪያው ይዘጋጅ

እንጉርጉሮ ላይ ቆዳው ትንሽ ቢረግብ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ድምፁ ይለሰልሳል። ጭፈራ ላይ ግን ደጋኑ ክሩን እንደነካ ድምፁ መነሳት አለበት። ዘግይቶ የሚነሳ ድምፅ ምቱን ይዞት ይወድቃል።

ክሩም የፈረስ ጭራ ነው፣ ደጋኑ ላይ ያለውም የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ በጭራ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ያለ ዕጣን አይናገርም። ለጭፈራ ስትዘጋጁ ዕጣኑን ከወትሮው ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። እኔ ደጋኑን ብቻ ሳይሆን ክሩንም ደጋኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነካ ነካ አደርገዋለሁ። ሲበዛ ደግሞ ይንጫጫል። ሳጥኑ ላይ ነጭ ዱቄት ሲረግፍ ካያችሁ በዝቷል ማለት ነው፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። የደጋኑን ጭራ በእጃችሁ አትነካኩት፣ የእጅ ወዝ ዕጣኑን ይገድለዋል።

ቆዳው የእኛ አገር ጣጣ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያልፋል። ክረምት ላይ ብርዱና እርጥበቱ ቤት ድረስ ይገባል፣ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ጉሙ አልገለጥ ይላል። ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይረግባል፣ ብርኩማው፣ ክሩን ቆዳው ላይ ደግፎ የያዘው እንጨት፣ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ክሩም ይላላል፣ ድምፁ ጋቢ ውስጥ እንደተናገሩት ይታፈናል። ጠዋት ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። ፀሐይ ከሌለ ከከሰሉ ክንድ ያህል አርቃችሁ አሙቁት። ለመለኪያ እጃችሁን እዚያ ቦታ አድርጉና ቆጠር ቆጠር አድርጉ፣ እጃችሁ ካልቻለው ለቆዳውም በዝቷል። ቆዳውን በጣታችሁ ነካ ስታደርጉት ድም የሚለው ድምፅ ጠንከር ብሎ ደረቅ ሲል ደርሷል።

ወደ ቆላ ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዳችኋል። በበጋው ደረቅ ሙቀት ቆዳው ይወጠራል፣ ደጋ ላይ የቃኛችሁት ክር ቆላ ላይ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ከመኪና እንደወረዳችሁ አትቃኙ። ግማሽ ሰዓት ይረፍ፣ አየሩን ይልመድ፣ ከዚያ ቃኙ። በተለይ የሚዘፍን ሰው አብሯችሁ ካለ ይሄን አትዝለሉት፣ ክሩ ሳታውቁት ከወጣ ዘፋኙም አብሮ ይወጣና ከላይኛው ዜማ ላይ ድምፁ ይሰነጠቃል።

በአፍና በእግር

ጋሼ ጋ የሄድኩ ዕለት መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ማሲንቆዬን ተቀብለው ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። «በል በአፍህ በለው» አሉኝ። በአፌ አልኩት፣ ወጣልኝ። «አሁን እየሄድክ በለው።» ግቢውን መዞር ጀመርኩ። ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ዜማው ተሰበረ፣ እግሬ አንድ ጊዜ ይፈጥናል፣ አንድ ጊዜ ይጠብቃል። «እግርህ የማያውቀውን እጅህ ከየት ያመጣዋል ልጄ?» አሉኝ። ያን ቀን ማሲንቆዬን ሳልነካው ነው የዋልኩት፣ በግ የሚጠብቁ ልጆች አጥር ላይ ተደግፈው እያዩኝ ግቢውን ስዞር።

የማዞሩ ምክንያት ይሄ ነው። ሰርግ ላይ ከምንሰማቸው የእስክስታ ዜማዎች ብዙዎቹ ሙዚቀኞች ችክችካ የሚሉት ምት ላይ ነው የሚሄዱት። ስድስት ቁጥር ነው፤ አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት። እግር አንድ ላይና አራት ላይ ይወርዳል። እዚህ ድረስ ማንም ይችላል። የሚከብደው ዜማው እነዚያኑ ስድስት ቁጥሮች በሌላ መንገድ ሲቆርጣቸው ነው፤ አንድ ሁለት፣ ሦስት አራት፣ አምስት ስድስት። እግር ሁለት ጊዜ ሲረግጥ ዜማው ሦስት ቦታ ያርፋል ማለት ነው። ጀማሪ እዚህ ጋ ሲደርስ ወይ እግሩ ዜማውን ይከተልና ምቱ ይጠፋል፣ ወይ ዜማው እግሩን ይከተልና ዜማው ይደነዝዛል። እኔ ሰርጉ ላይ የሆንኩት የመጀመሪያው ነው።

መድኃኒቱ እንዲህ ነው። ወንበር ላይ ተቀመጡ። በእግራችሁ አንድ ላይና አራት ላይ መሬቱን ምቱ። ሳታቆሙ በእጃችሁ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት ላይ ጭናችሁን ምቱ። አንድ ላይ እጅና እግር አብረው ይወርዳሉ፣ ሁለት ላይ ዝም፣ ሦስት ላይ እጅ፣ አራት ላይ እግር፣ አምስት ላይ እጅ፣ ስድስት ላይ ዝም። ካስቸገራችሁ ቁጥሩን ተዉትና በቃል በሉት፤ «አብሮ... እጅ እግር እጅ... አብሮ... እጅ እግር እጅ...»። መጀመሪያ ቀስ አድርጉት፣ ጀበናው እስኪፈላ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ወረፋ ስትጠብቁ። የሆነ ቀን ላይ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑ ይቀርና አንድ ነገር ሆኖ ይሰማችኋል። ያን ጊዜ ዜማውን በአፋችሁ ላዩ ላይ ጫኑት። እየሄዳችሁ ዜማውን ሳትሰብሩ ማለት እስክትችሉ ድረስ ማሲንቆው ግድግዳው ላይ ቢቆይ ይሻላል። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እጅ ይበላል። ግን እዚህ የምታጠፉት ሁለት ሳምንት በኋላ ወራት ያተርፍላችኋል።

ሳብ እና ግፋ

አሁን ማሲንቆውን አውርዱት። ግራ እጃችሁን ለጊዜው እርሱት፣ ባዶ ክር ላይ ብቻ ነው የምንሠራው። ደጋኑን ወደ ውጭ መውሰዱን ሳብ፣ ወደ ውስጥ መመለሱን ግፋ እንበለው።

ለጭፈራ ደጋኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ አትጎትቱት። እንጉርጉሮ ላይ የለመድነው ያንን ነው፣ ረጅም፣ ተንፈስ ያለ ጉተታ። ጭፈራ ላይ የመሀለኛው ክፍል ብቻ ይበቃል፣ አንድ መዳፍ ያህል ርዝመት። እንቅስቃሴው ከክንድ ሳይሆን ከእጅ አንጓ ነው። ትከሻችሁ ከደከመ በክንዳችሁ እየሠራችሁ ነው። ጋሼ ብብቴ ስር ባርኔጣ አስይዘውኝ ነበር፣ ባርኔጣው ከወደቀ ክንዴ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ዛሬም ፍጥነት ስጨምር እጄ ሲደነድንብኝ ያንን እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው አካሄድ ረጅምና አጭር ነው። ሳብ ሁለት ቁጥር፣ ግፋ አንድ ቁጥር፤ ሳ...ብ ግፋ፣ ሳ...ብ ግፋ። ጥቅሙ አንድም አራትም ሁልጊዜ በሳብ ይጀምራሉ፣ ስለዚህ ምቱ አይጠፋባችሁም። አደጋው ደግሞ እዚያው ነው። ሁለት ቁጥር ስባችሁ በአንድ ቁጥር መመለስ ስላለባችሁ ግፋው ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ይጮሃል፣ ያልታሰበው ቦታ ላይ ኮራ ያለ ድምፅ ይወጣል። ሰው ትከሻውን የሚያነሳው ጩኸቱ ጋ ነው፤ እናንተ ግን ጩኸቱን የተሳሳተ ቦታ ሰጣችሁት። ስለዚህ ስትስቡ ቆጥቡ፣ ትንሽ ብቻ ሳቡ፣ ስትገፉ ክብደቱን ከክሩ ላይ አንሱት። ግፋው ትንፋሽ ያህል ይሁን። ይሄን ነገር በስልክ ቅዱትና አዳምጡት፣ እየተጫወታችሁ ጆሯችሁ ይዋሻችኋል።

ሁለተኛው ስድስቱን እኩል መምታት ነው፤ ሳብ ግፋ ሳብ፣ ግፋ ሳብ ግፋ። ልብ በሉ፣ አሁን አንድ በሳብ ይጀምራል፣ አራት ግን በግፋ። እጃችን በተፈጥሮው ስንስብ ይከብዳል፣ ስንገፋ ይቀላል፣ እና አራት ቁጥር ድክም ብሎ ይወጣል። አንድ እግሯ እንደምታነክስ በቅሎ ይሆናል አካሄዱ። ሁለቱን እኩል ማክበድ ነው ሥራው። እኔ በግፋ እየጀመርኩ ነው የተለማመድኩት፣ ደካማው ወገን ፊት እንዲቀድም። ፈጣን የዜማ ክፍሎች ላይ ይሄኛው ነው የሚያዋጣው።

ሦስተኛው ሦስት ሁለት ነው፣ ጭናችሁ ላይ የመታችሁት። እያንዳንዱ ደጋን ሁለት ቁጥር ይይዛል፤ ሳብ፣ ግፋ፣ ሳብ። ቀጣዩ ዙር በግፋ ይጀምራል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደናገራል፣ አንዱ ዙር በሳብ ሌላው በግፋ ስለሚገባ። ከሆነባችሁ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ድምፅ በአንድ ደጋን አያይዙና ተመለሱ። የት ጋ ማያያዝ እንዳለባችሁ ዜማው ራሱ ይነግራችኋል፣ ብዙውን ጊዜ ሐረጉ የሚያልቅበት ጋ ነው።

አንድ ሳምንት ሙሉ ባዶ ክር ላይ ብቻ። ፈተናው ቀላል ነው። ቤት ውስጥ እስክስታ የሚችል ሰው ጥሩ፣ እህት፣ ጎረቤት፣ ማንም። ያለ ምንም ዜማ፣ በባዶው ክር ብቻ ምቱን ስጧቸው። ትከሻቸው ከተነሳ አልፋችኋል። ካልተነሳ ዜማ ብትጨምሩበትም አይነሳም።

ወደ ጣት ስንመለስ

ማሲንቆ ላይ ጣት ክሩን እንጨቱ ላይ አይጫነውም፣ ከጎኑ ነው የሚነካው። አነካኩ በጣም ከላላ ድምፁ ያፏጫል። ፉጨቱ ራሱ ጥበብ ነው፣ የሚያውቁበት ሰዎች ሆን ብለው ወደ ላይ ለመውጣት ይጠቀሙበታል፣ ግን ሳትፈልጉት ሲመጣ ዜማውን ያበላሻል። ጭፈራ ላይ ፍጥነት ሲጨምር ጣት መላላቱ ስለማይቀር ቀስ ብላችሁ ስትለማመዱ ከሚያስፈልገው በላይ ጠንከር አድርጉ።

ማዕከላችሁ የቀለበት ጣት ይሁን። በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል፣ ባዶውን ክር መነሻ ካደረጋችሁ፣ የቀለበት ጣት የሚያርፈው ከላይኛው የክሩ ጫፍ ጀምሮ እስከ ብርኩማው ካለው ርዝመት አንድ ሦስተኛው ላይ ነው። በክር ለኩት፣ ሦስት ቦታ እጠፉት፣ ቦታውን እዩት። መጀመሪያ ያንን አግኙ፣ የቀሩት ጣቶች በእሱ ዙሪያ ይደረደራሉ። ዜማ ውስጥ የተሳሳታችሁ ሲመስላችሁም ወደዚያ ተመልሳችሁ ጆሯችሁን አስታርቁ።

ከዚያ ሰፊው ክፍተት የት እንዳለ እወቁ። ሜጀር ትዝታ ላይ በመሀል ጣትና በቀለበት ጣት መካከል ነው። አምባሰል ላይ ጠቋሚ ጣት ወደ ላይ ተጠግቶ ይቀመጥና ከመሀል ጣት ይራራቃል። ማይነር ባቲ ሁለት ሰፊ ቦታ አለው፣ ከባዶው ክር እስከ ጠቋሚ ጣትና ከቀለበት ጣት እስከ ትንሿ። አንቺ ሆዬ ከሁሉም ይከብዳል፣ መሀልና ቀለበት ጣት ተጣብቀው ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ትንሿ ጣት ርቃ መድረስ አለባት፣ የቀለበት ጣትም ያ አንድ ሦስተኛ ካልኩት ቦታ ትንሽ ወደ መቃኛው ይወጣል። በጭፈራ ፍጥነት ትንሿ ጣት ዘግይታ ትደርሳለች፣ ስትደርስም ዝቅ ብላ ነው። ለዚህ አንድ ዘዴ አለኝ፤ ዜማውን አትጫወቱ፣ ከቀለበት ወደ ትንሿ፣ ከትንሿ ወደ ቀለበት ብቻ፣ በረጅምና አጭር ደጋን፣ ሃምሳ ጊዜ። ቡና እስኪፈላ ያልቃል።

በአንድ ቅኝት አሥር ዜማ ከመልመዳችሁ በፊት ወደ ሌላው አትዝለሉ። እኔ አራቱንም በአንዴ ስነካካ አንዱንም አልያዝኩም ነበር።

ዜማውን ከሰው መውሰድ

የሚሻለው ከተጫዋቹ ከራሱ ፊት ለፊት ተቀምጦ መውሰድ ነው፣ ደጋኑን እያያችሁ። የአዝማሪውን ግራ እጅ አትዩት፣ ቀኝ እጁን እዩት። በስልክ መቅዳት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ግንባሩ ላይም ሸለም አድርጉ፣ እንጀራው ነው። እኔ የጠየቅኳቸው ሁሉ ፈቅደውልኛል፣ አንዳንዶቹ እንዲያውም ቀስ አድርገው ደግመውልኛል።

የሰርግ ቪዲዮ ላይ አሁን አሁን ኪቦርዱ ሁሉን ይሸፍነዋል፣ ማሲንቆው ከስር ነው የሚሰማው። ለምት መለማመጃ ጥሩ ነው፣ ዜማ ለመውሰድ ግን አይመችም። የድሮ ቅጂ ፈልጉ። ትውልደ ግብፃዊው ሙዚቀኛ ሀሊም ኤል-ዳብህ በ1963 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና ከበሮን አንድ ላይ ያሰለፈ ቡድን ነበር፣ እዚያ ውስጥ ማሲንቆ ከተጫወቱት አንዱ ጌታመሳይ አበበ ነው። እዚያ ቅጂዎች ላይ ማሲንቆው ከሌሎቹ መሣሪያዎች መካከል እንዴት ቦታውን እንደሚይዝ በደንብ ይሰማል።

ቅጂውን ስታገኙ ስልካችሁ ላይ ፍጥነቱን ቀንሱት፣ ሩብ ያህል ብቻ፣ ከዚያ በላይ ከቀነሳችሁት ምቱ ይፈርሳል። አንድ ሐረግ ብቻ ቆርጣችሁ ውሰዱ። በአፋችሁ በሉት። ከዚያ ጌጡን አራግፉት። ጎበዝ ተጫዋች አንዱን ድምፅ በሦስት አራት ትናንሽ ድምፅ ያርገበግበዋል፣ እናንተ መጀመሪያ ያንን ለመያዝ አትሩጡ። እግር በሚወርድበት ቦታ ላይ ያሉትን ድምፆች ብቻ ልቀሙ፤ አንድ ላይ ምን አለ፣ አራት ላይ ምን አለ። ያ አጥንቱ ነው። አጥንቱን በደጋን አስጨፍሩት። መሀሉን ከዚያ ሙሉት፣ ጌጡ በመጨረሻ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም ሳትጠሩት ነው የሚመጣው። እኔ ሰርጉ ላይ የነበረኝ ጌጥ ብቻ ነበር፣ አጥንት አልነበረኝም።

አንድ ሐረግ ሲያዝ ሁለተኛውን ለብቻው ያዙ፣ ከዚያ መገጣጠሚያውን ለብቻው ተለማመዱ። ዜማ የሚሰበረው ሐረጉ ውስጥ ሳይሆን መገጣጠሚያው ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሐረግ የመጨረሻ ሁለት ድምፅና የሁለተኛውን የመጀመሪያ ሁለት ድምፅ ብቻ አዙሩት።

ፍጥነት

ጨዋታ ሲሞቅ ምቱ ይፈጥናል፣ ይሄ ያለ ነው። ግን ማን ነው የሚያፈጥነው? ጀማሪ ማሲንቆ መቺ ራሱ ያፈጥናል፣ ከፍርሃት። አታፍጥኑ። ጭብጨባው ይጎትታችሁ፣ አታሞው ይጎትታችሁ፣ እናንተ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ቆዩ። ቤት ስትለማመዱ ለሰርግ ከሚያስፈልገው ፍጥነት ትንሽ አሳልፋችሁ መድረስ አለባችሁ፣ እዚያ ላይ እጃችሁ ካልደነደነ ሰርጉ ላይ ይቀላችኋል። ፍጥነት የምትጨምሩት ግን አንድ ዜማ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሳይሰበር ሲወጣላችሁ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ወጣ ማለት አልወጣም ማለት ነው።

ከዘፈን ጋር ሲሆን ደግሞ አውጪው ግጥሙን ሲያወርድ ደጋናችሁን ዝቅ አድርጉ። ተቀባዩ ሲነሳ ከፍ። ግጥሙ ካልተሰማ ጨዋታው ይሞታል፣ አገራችን ሰው ግጥም ሰምቶ ነው ተነስቶ የሚጨፍረው። ይሄ ብቻውን ብዙ ልምምድ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ድምፅ ስትቀንሱ ምቱም አብሮ ይለግማል። ዝቅ ብሎ ግን ሳይለግም፣ እሱን ነው የምትፈልጉት። ደጋኑን ወደ ብርኩማው ሳታስጠጉ፣ ክብደቱን ብቻ አንሱት፣ እጅ አንጓችሁ ግን ያው አካሄዱን ይቀጥል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን ሰኔ ላይ እጀምራለሁ። ክረምቱ የቤት ጊዜ ነው፣ የአፉንና የእግሩን ሥራ እንዲሁም ባዶውን ክር ዝናቡ ሲዘንብ ትጨርሱታላችሁ። መስከረም ላይ ጣት፣ ጥቅምትና ኅዳር አንድ ሁለት ዜማ፣ በደንብ፣ ሁለት ብቻ። ጥር የሰርግ ወር ነው። ካመለጣችሁ ሁዳዴ ይገባና ብዙ ቤት ማሲንቆው ይሰቀላል፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እስከ ክረምቱ መግቢያ ሌላ የሰርግ ጊዜ አለ።

የመጨረሻ ነገር፣ ዜማው መሀል ላይ ቢጠፋባችሁስ? ይጠፋባችኋል፣ ተዘጋጁለት። አታቁሙ። ወደ ኋላ ተመልሳችሁም አትፈልጉት። ጣታችሁን ከክሩ ላይ አንሱና ባዶው ክር ላይ ደጋኑን ብቻ ቀጥሉ፤ ሳ...ብ ግፋ፣ ሳ...ብ ግፋ። ጆሯችሁ የሰዉን ጭብጨባ ይዞ ይጠብቅ። ዜማው ዞሮ ሲመጣ ከአንዱ ላይ ትገባላችሁ። ባለፈው ጥር አንኮበር አካባቢ አንድ ዳስ ውስጥ ዜማው ሙሉ በሙሉ ጠፋብኝ፣ ሁለተኛው ሐረግ ከአእምሮዬ ተጠረገ። ባዶ ክር ላይ ቆየሁ፣ ረጅም ነበር፣ አውጪው አራት ግጥም አወረደ። ቀና ብዬ አየሁ። ፊት ለፊቴ የነበሩት ሁለት ልጆች ዓይናቸውን ጨፍነው እስክስታውን ያወርዱታል፣ ትከሻቸው አንድ ጊዜም አልተገታም።